መስመር ሰባት፣ አሥር ሰዓት ከአሥር

እኔ በሙት መንፈስ አላምንም። ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ የሠራ ሰው የሚያምነው በተበላሸ መስመር ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ቢሯችን አለቃ ዌንደል «ማርሊስ፣ መንፈስሽ ደወለልሽ!» እያለ በሳቀ ቁጥር «ኧረ ተወኝ፣ አንተ ሥራ ፈት!» እለውና ፊቴን ኮምፒዩተሮች በስልክ ወደሚነጋገሩባቸው ሞደሞች መደርደሪያ አዞራለሁ። የማዞረው ፊቴን እንዳያየው ነበር።

አምና የሆነው እንዲህ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ከአሥር ሲሆን መስመር ሰባት ይጠራል። ሞደሙ ያነሳና የለመደውን ጩኸት ይጮኻል። ከወዲያ ማዶ መልስ የለም። መስመሩ ግን ባዶ አይደለም፤ ጆሮ ለሰጠው ሰው በሰከንድ አንዴ ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ ይላል። ሠላሳ ሰከንድ እንዲህ ይቆይና ይዘጋል። አሥር ከሃያ ላይ ይደግማል፤ አሥር ተኩል ላይ ይሠልሳል። ከዚያ እስከ ነገ ድምፁ የለም።

ጠቅ ጠቁ የኤሌክትሪክ አጥር ነው። ገጠር ውስጥ የስልክ ሽቦ ከከብት አጥር ጋር ጎን ለጎን ከሄደ የአጥሩን ምት ይዞ ይመጣል። በኦፕሬተርነት ዘመኔ የከተማችንን የኤልክ ሪጅን ገበሬዎች ሁሉ «ሃሎ» ሳይሉኝ በዚህ ምት ነበር የምለያቸው። የኦሪን ትቬት አጥር ቀርፋፋ ነው፤ በየአራተኛው አንዱን ይዘላል። መስመር ሰባት ላይ የሚሰማውም እየዘለለ ነው። ኦሪን ትቬትን ግን መጋቢት ላይ ቀብረነው ነበር።

ኦሪን ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው። ከከተማው አሥራ አራት ማይል ርቆ ብቻውን የሚኖር፣ በቆሎ የሚዘራ፣ ነገረኛ ሽማግሌ ነበር። የስልክ ኩባንያው ኦፕሬተሮቹን በማሽን ተክቶ እኔን ቤቴ ሲያስቀምጠኝ፣ አሮጌ ኮምፒዩተርና ሞደም አምጥቶ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈልኝና «ያባረረሽ ማሽን ከሆነ ማሽን ተማሪ» አለኝ። በዕድሜ አባቴ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናወራው በኪቦርድ ስለነበር አንተ እያልኩ ነው የምጽፍለት። ኪቦርድ ላይ ሽማግሌ የለም።

ኋላ ጉሮሮው ላይ ካንሰር ወጣበትና ሐኪሞቹ ድምፁን አብረው ቆርጠው አወጡት። ከሆስፒታል በተመለሰ በሳምንቱ ስልኩን ከግድግዳ ነቅሎ ጣለው። «ምን ያደርግልኛል? ሻጮች ሲለፈልፉ ልስማበት?» ብሎ ጻፈልኝ። የስልኩን ሽቦ በቀጥታ ሞደሙ ውስጥ ሰካው። ከዚያ ወዲያ ያቺ ሳጥን አፉ ሆነች፤ ሌላ አፍ አልነበረውም።

እህቱ እትዬ ሶልቬግ ከተማ ውስጥ፣ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይኖራሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እሱ መናገር አይችል፣ እሳቸው ማንበብ አይችሉ፤ እኔ መሐል ገባሁ። ኦሪን ደብዳቤውን ይጽፋል። አሥር ሰዓት ከአሥር ሲሆን ማሽኑ ራሱ ቢሯችን መስመር ሰባት ላይ ደውሎ ደብዳቤውን ያራግፋል። ከማተሚያው ላይ ቀድጄ ለእትዬ ሶልቬግ ስልክ እደውልና አነብላቸዋለሁ፤ መልሳቸውንም ጽፌ እልክለታለሁ። ደብዳቤ ከሌለ ማሽኑ አይደውልም። ኦሪን ቆጣቢ ነበር፤ ባዶ ጥሪ ነውር ይመስለው ነበር።

አንድ ሕግ ብቻ ነበረን፤ ያወጣውም እሱ ነው። «እንደተጻፈ አንብቢ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታሳምሪ።» አምስት ዓመት እንደተጻፈ አነበብኩ። ደብዳቤው ሁሉ የሚጀምረው «አንቺ አሮጊት በቅሎ» ብሎ ነው፤ እሱንም ሳልቀንስ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አምና ከተማችን በሞደም የተነሳ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሞደም የሚሠሩት ትላልቅ ኩባንያዎች በሁለት ጎራ ቆመው፣ አንደኛው ኤክስ ቱ፣ ሌላኛው ፍሌክስ የሚባል የፍጥነት ቋንቋ አወጡ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ዌንደል፣ የአባቱን የሶፋ መደብር ወደ ኢንተርኔት አገልግሎት የለወጠው ጉደኛ፣ በቅናሽ አገኘሁ ብሎ ሃያ ሦስት ፍሌክስ ገዛ። ከመንገዱ ማዶ ብሎንና ቀለም የሚሸጠው መደብር ደግሞ ለከተማው ሰው ኤክስ ቱ ቸበቸበለት። ወይ ጉድ! በየቀኑ ሰው አዲስ ሞደሙን በብብቱ ይዞ እየመጣ ባንኮኒዬ ላይ ይጥለዋል።

«ማርሊስ፣ ይኼ ነገር ከድሮው በምን ይሻላል?»

«በቀለሙ» እላለሁ።

የካቲት ላይ ኩባንያዎቹ ታረቁ። ቪ ናይንቲ የሚባል አንድ ቋንቋ ተስማሙበት፤ ያለውን ሞደም መጣልም አላስፈለገም፤ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በአዲስ መተካት ይበቃል። እኔም ተቀመጥኩና ሞደሞቹን አንድ በአንድ አደስኩ። ሃያ ሦስቱ ታደሱ። የቀረችው መስመር ሰባት ላይ የተቀመጠችው የኦሪን ስጦታ፣ ቀርፋፋዋ ቡናማ ሳጥን ናት። እሱ ቤት ያለችው የእሷው እኩያ ስለሆነች ሁለቱ ወዲያው ነው የሚግባቡት። «መስመር ሰባትን አትንኪ» ብሎኝ ነበር። «አልነካም» ብዬው ነበር።

ዌንደል ከአውራጃው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ጠራ። «በአውራጃው የመጀመሪያው! ሃያ አራቱም መስመር በአዲሱ!» ሊባልለት ነው።

«ሃያ ሦስት ነው» አልኩት።

«ሃያ ሦስት ደግሞ ምን የሚሉት ቁጥር ነው? ያቺ ቡናማ ነገር መሐል ላይ እንደ በሰበሰ ጥርስ ተገትራ ማን ፎቶ ያነሳል?»

ለዌንደል ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። እኔ ራሴ ሰልፉ አምሮ ማየት ፈልጌ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አሮጌዋን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና በቦታዋ አዲስ አስቀመጥኩ። አዲሱ የድሮዎቹንም ቋንቋ ይችላል ይላል መመሪያው፤ ከፈጣኑ ይጀምርና መልስ ሲያጣ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይሞክራል። እውነት ነው፣ ይወርዳል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ለመድረስ ግን አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል። የኦሪን ማሽን የሚጠብቀው ሠላሳ ነው። ከአንድ አሮጌ ሞደም ደውዬ ብሞክረው ኖሮ በአንድ ደቂቃ የማውቀው ነገር ነበር። ቸኮልኩ፤ አልሞከርኩም።

የቸኮልኩት ለቅርጫት ኳስ ነው። ሐሙስ ነበር፤ የከተማችን ሴቶች ልጆች በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለክፍለ ግዛቱ ውድድር ደርሰው በዋና ከተማው በዴ ሞይን ይጫወቱ ነበር። ኤልክ ሪጅ ተጠራርጎ ወጣ። ባንኩ ሳይቀር ተዘጋ። እኔም ፎቶዬን ተነሥቼ፣ የቱና ሳንድዊቼን ጠቅልዬ፣ እኩለ ቀን ላይ መኪናዬን አስነሣሁ። እሑድ ከሰዓት ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት የማሞቂያ ጋዝ የሚያመላልሰው ሰውዬ ኦሪንን ጠረጴዛው ሥር ወድቆ፣ ሞቶ አገኘው። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ኪቦርዱ አጠገቡ ወለሉ ላይ ነበር።

ሐኪሙ «ልቡ ቀድሞ ቆሞ ነው የወደቀው፤ ሐሙስ ይመስለኛል፤ አልተሠቃየም» አለ። ኪቦርዱንም «ሲወድቅ ጎትቶት ነው» አሉ። እትዬ ሶልቬግ ይህን ይዘው አለቀሱ፣ ይህንኑ ይዘው ተጽናኑ። እኔም ተጽናንቼ ነበር፤ ያውም ለጥቂት ሰዓታት።

ያን ሰኞ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ መስመር ሰባት ጠራ። አዲሱ ሞደም አንሥቶ ጮኸ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ... አንዱን ዘለለ። ሠላሳ ሰከንድ ቆይቶ ተዘጋ። የያዝኩትን ቡና ጭኔ ላይ ደፋሁት፤ መቃጠሌን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ልብሴን ስለውጥ ነው። ደብዳቤ ከሌለ ማሽኑ አይደውልም።

አሮጌዋን ሳጥን ከመሳቢያው አውጥቶ መልሶ ለመሰካት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኔ አምስት ወር ፈጀብኝ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ጠዋት ጠዋት «ምናልባት ስለ በቆሎው ነው የጻፈው» እላለሁ። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ደግሞ «ካልሆነስ?» የሚለው ይመጣና እጄ መሳቢያው ላይ ይደርቃል። ደብዳቤው እርዳታ የሚለምን ከሆነ ገዳዩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ሳይነበብ እስከቆየ ድረስ ግን አልገደልኩትም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኦሪን ማሽን ሁለቱንም ሆነብኝ። ወራሹ፣ የኦሪንና የእትዬ ሶልቬግ የሌላ እህታቸው ልጅ፣ ቤቱን በጨረታ እስኪሸጠው ድረስ መብራቱንም ስልኩንም አላስቆረጠም ነበር። ግንቦት ላይ ማዕበል መጣና ገጠሩ ሁለት ቀን መብራት አጣ፤ መስመር ሰባት ዝም አለ። አበቃ ብዬ፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በሦስተኛው ቀን በሰዓቱ ጠራ።

ከዚያ በኋላ ቢሮውን ጥዬ ብወጣም አልተወኝም። የመኪናዬ የመታጠፊያ መብራት ጠቅ ጠቅ ሲል የኦሪንን አጥር እሰማለሁ። መብራቱን ሳላበራ መታጠፍ ጀመርኩ፤ ፖሊሱ ሁለት ጊዜ አስቆመኝ። «ምን ነካሽ ማርሊስ?» ሲለኝ «አምፖሉ ተቃጥሏል» አልኩት። ዞሮ አየው፤ አልተቃጠለም።

ዌንደል ደግሞ ነገሩን መዝናኛ አደረገው። የመስመር ሰባትን ድምፅ ማጉያ ከፍ አድርጎ፣ ሒሳብ ሊከፍሉ የመጡትን «ቆዩ፣ ቆዩ፣ የማርሊስን ወዳጅ ሰምታችሁ ሂዱ» ይላቸዋል። ወሬው ቡና ቤት ገባ፤ ከቡና ቤት ፀጉር ቤት ገባ። ፀጉር ቤት የገባ ወሬ እትዬ ሶልቬግ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ሲል የቢሮው በር ተከፈተ። እትዬ ሶልቬግ ነጭ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ለእሑድ የሚለብሱትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ብቻቸውን ቆመዋል።

«ዌንደል፣ የሟች ወንድሜን ስልክ ለደንበኛ ትርኢት አድርገሃል አሉኝ» አሉ።

ዌንደል አንገቱ ድረስ ቀላ። «ኧረ እትዬ ሶልቬግ፣ ቀልድ ነው እኮ...»

«እንግዲያው እኔም መጥቼ ልሳቅበት። ወንበር ስጠኝ።»

ወንበር ሰጣቸው። ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሰዓቱ ደረሰና ጠራ። አዲሱ ሞደም አነሳ፤ ከላይ ጀምሮ ጮኸ። ከሥሩ ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ ይላል። እትዬ ሶልቬግ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስኪዘጋ ሰሙት።

«የአባቴ አጥር ነው» አሉ። «ማርሊስ፣ እዚህ ነሽ?»

«አለሁ እትዬ።»

«እሱ ነው?»

«ማሽኑ ነው። ሰው መሞቱን አያውቅም እኮ፣ እንደተሞላ ነው የሚሠራው።»

«ኦሪን ባዶ ጥሪ አያስደውልም።»

ዌንደል አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል።

«ደብዳቤ አለ ማለት ነው» አሉ። «የኔ ደብዳቤ። ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጋቢት።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኹብኝ በወደድኩ። ዘንጋቸውን ብቻ ጠበቅ አደረጉት።

«ነገ ስልኩ ይቆረጣል። ቅዳሜ ዕቃው ሁሉ በጨረታ ይሸጣል፤ ማሽኑም ከነጠረጴዛው። መቼ ነው የሚደግመው?»

«ከሃያ ላይ።»

«እንግዲያው ስምንት ደቂቃ አለሽ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ቡናማዋ ሳጥን እንደተውኳት ናት፤ ጀርባዋ ላይ በኦሪን እጅ የተጻፈ ፕላስተር ተለጥፏል፦ «ቀርፋፋ ነኝ፤ ግን እሰማለሁ።» ሶኬቱ ቀዳዳውን ሳተብኝ። ዌንደል ያለወትሮው ምንም ሳይቀልድ መጥቶ ገመዱን ሰካልኝ።

አሥር ከሃያ ላይ ጠራ። አሮጌዋ አነሳች፤ አንድ አጭር፣ ቀጭን ድምፅ ብቻ አሰማች። ከወዲያ ማዶ፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ መልስ መጣ። ሁለት አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እንደሚሳሳሙት ነው፤ ወዲያው ተገናኙና ዝም አሉ። ከዚያ ማተሚያው ይንጣጣ ጀመር። እንጥጥታው ቆመና የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩ። እንዲህ ይላል፦

«ሐሙስ። ማርሊስ፣ ወድቄያለሁ። ዳሌዬ ይመስለኛል፤ መነሣት አልቻልኩም። ኪቦርዱን በገመዱ ጎትቼ አውርጄ ነው የምጽፈው። ስክሪኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አይታየኝም፤ የፊደል ስሕተት ካለ እንደ ልማድሽ አትሳቂብኝ። አምቡላንስ ጥሪልኝ። ለሶልቬግ አሁን አትንገሪያት፤ ትጮኻለች።»

ዓይነ ስውር ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ድምፄን ይጠብቃሉ። ወረቀቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፦

«‹እህቴ ሆይ፣ እንደምን አለሽ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፣ አየሩም...›»

«ማርሊስ።»

«አቤት።»

«ኦሪን ከተወለደ ጀምሮ ‹እህቴ ሆይ› ብሎኝ አያውቅም። እንደተጻፈ አንብቢ።»

አነበብኩ። እያንዳንዱን ቃል፣ «ትጮኻለች» እስከሚለው ድረስ። እሳቸው አልጮኹም። ዌንደል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አንገቱን ደፋ። ማተሚያው ሁለተኛውን ጨርሶ ነበር፤ ቀደድኩት።

«‹ዓርብ። አንቺ አሮጊት በቅሎ፣ እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ ከአባታችን ጠረጴዛ ሥር ጋደም ብዬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሰባ ዓመት በላዩ በልቼ ሥሩን ዓይቼ አላውቅም። ለካ አባባ በቢላ የሁለታችንንም ስም ቀርጾበታል። የኔ ትንሽ ነው። የአንቺን በትልቁ ነው የጻፈው፤ ከሥሩም አበባ አድርጎበታል። እንደሚያደላልሽ ድሮም አውቅ ነበር፤ አሁን ማስረጃ አገኘሁ። መጥተሽ በጣትሽ ዳስሺው።›»

እትዬ ሶልቬግ ሳቁ። ሳቁና ሳቁ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነባቸው፤ መሐረባቸውን ከእጅጌያቸው አውጥተው አፋቸው ላይ ያዙት። እኔ ሦስተኛውን ቀድጄ ለራሴ አየሁት።

«ቅዳሜ። ለማርሊስ ብቻ። መስመር ሰባትን ነክተሻታል። ሦስት ቀን በድምፅ ማጉያው ስሰማት ከረምኩ። የአንቺው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፤ ሳይደርስ የኔዋ ትዘጋለች። የመጠበቂያውን ቁጥር ላራዝም ሞከርኩ፤ ስክሪኑ ስለማይታየኝ ምን ላይ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። አዲሱ ድምፅ ግን እንዴት ያምራል! እኔም ብሆን አላስችል ብሎኝ እነካት ነበር። አሁን ብርድ ብርድ ይለኛል። ይህን ለሶልቬግ አታንብቢ፤ የሐሙሱንም አታንብቢ። ድንገት ሞተ በያት። የዓርቡን ብቻ አንብቢላት። አምስት ዓመት አፌ ሆነሽ አንድ ቃል አልቀነስሽብኝም። አሁን ቀንሺ።»

«ሦስት ጊዜ ወረቀት ስትቀድጂ ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ ሶልቬግ። «ሦስተኛው ምን ይላል?»

ሟቹ ራሱ ይቅር ብሎኛል፤ ደብቂ ብሎኛል። የሐሙሱን አስቀድሜ አንብቤ አበላሽቼዋለሁ፤ ይህኛው ግን ገና በእጄ ነው። «ለኔ የተጻፈ ነው» ብል አበቃ፤ ውሸትም አይደለም። እሳቸው ወንድማቸው በብርድና በብቸኝነት እስከ ቅዳሜ እንደቆየ አያውቁም። በማን ጥፋት እንደሆነም አያውቁም። ትእዛዙን ብፈጽም የምድነው እኔ ነኝ። ያስጠላኝም ይኸው ነው፤ የሟች ኑዛዜ ከኔ ጥቅም ጋር እንዲህ ልክክ ማለቱ። ኦሪን ከደግነቱ የተነሣ የማልወጣበት ጉድጓድ ቆፈረልኝ።

አነበብኩት። «ለማርሊስ ብቻ» ከሚለው ጀምሬ «አሁን ቀንሺ» እስከሚለው ድረስ።

አሥር ተኩል ሆነ። መስመር ሰባት አልጠራም፤ የሚልከው አልቆበታል።

«የሱ ስንት ሰከንድ ነው የሚጠብቀው?» አሉ እትዬ ሶልቬግ።

«ሠላሳ።»

«ያንቺው ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል?»

«አርባ።»

«አሥር ሰከንድ» አሉ። ተነሡና ዘንጋቸውን አስተካከሉ። «ዌንደል፣ የጭነት መኪናህ ትሠራለች? ጨረታው ሳይደርስ ሄደህ የአባቴን ጠረጴዛ አምጣልኝ። ሥሩን እንዳትፍቅብኝ፤ በጥንቃቄ ያዘው።»

«እሺ እትዬ። አሁኑኑ።»

እኔን ምንም አላሉኝም። በአጠገቤ ሲያልፉ የዘንጋቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ፤ አውቀው ይሁን ሳያውቁ አላውቅም።

በማግስቱ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የኦሪን ስልክ ተቆረጠ። እኔ ግን አሥር ሰዓት ሲሆን መደርደሪያው ፊት ተቀመጥኩ፤ ልማድ ክፉ ነው። አሥር ከአምስት፣ አሥር ከስምንት። ቡናማዋ ሳጥን ሰባተኛ ቦታዋ ላይ አለች፤ ዌንደልም አንሺያት አላለኝም። አሥር ከአሥር ሆነ። መስመር ሰባት ዝም አለ። ኡፍ ብዬ ልነሣ ስል ባንኮኒው ላይ ያለው ስልክ ጠራ።

«ማርሊስ» አሉ እትዬ ሶልቬግ። «ሦስተኛውን አንብቢልኝ።»

«እትዬ ሶልቬግ፣ እባክዎን...»

«እንደተጻፈ።»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁና አነበብኩላቸው። ስጨርስ ስልኩን ዘጉ።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ከእሑድ በቀር ቀን አልዘለሉም፤ በአሥር ሰዓት ከአሥር ይደውላሉ፤ እኔም አነባለሁ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ስለተበጣጠሰ በቃሌ ነው የምለው፤ እሳቸውም ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ አንዴ «ያምራል» የሚለውን ብዘለው «ተመለሽ» አሉኝ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። ሳነብ ከወዲያ በኩል ጣታቸው የአባታቸውን ጠረጴዛ ሥር ሲዳብስ ይሰማል፤ ትልቁን ስም ይሁን ትንሹን አላውቅም። አንብቤ ስጨርስ ዝም ይላሉ፤ አንዳንድ ቀን ሠላሳ ሰከንድ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ። እኔ ስልኩን ቀድሜ ዘግቼ አላውቅም።